ምስል ማጥራት፣ ወሬ ማጣራት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ አር-ራሕማኒ አር-ራሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ከዲን ትምህርት የራቀ ሊመስል ይችላል። ስለ ፎቶግራፍና ስለ ቪዲዮ ልናወጋችሁ ነው። በተለይም ባለሙያዎች አንድን ምስል መርምረው «ይህ እውነተኛ ነው፣ ይህ ግን የተቀጠለ ነው» ስለሚሉበት፣ የደበዘዘውንም ጥርት አድርገው ለዳኛ ስለሚያቀርቡበት ሙያ እንነጋገራለን። ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ደወሉልን። የልጃቸው ኒካሕ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሙሽራው ቤተሰብ ስልክ ላይ አንድ ፎቶ ገባ። ፎቶው ልጅቷ ከማይታወቅ ወንድ ጋር ጎን ለጎን ቆማ ያሳያል። ላኪው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ፎቶው ግን በአንድ ቀን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ሰፈሩን አዳረሰ። ሽማግሌዎች ተላኩ፤ ጥሎሹ ይመለስ ተባለ። ልጅቷም እህል አልቀምስም ብላ ክፍሏን ዘጋች። እኚህ እናት እንባቸውን እየዋጡ የጠየቁን ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ልጄን አምናታለሁ። ግን ፎቶውን ምን ላድርገው? በዓይን የታየ ነገር እንዴት ይስተባበላል?»

እውነቱን ከመናገር አንሸሽም። ያ ፎቶ እናትየው ከመደወላቸው በፊት ከእኛ ከአዘጋጆቹ ለአንዱ ደርሶት ነበር። ከንፈሩን መጥጦ ለሌላ ሰው አሳይቶታል። ስለዚህ የዛሬውን ንግግር ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለራሳችንም ነው የምናቀርበው። የዚህን ቤተሰብ ነገር መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን፤ ኢንሻአላህ።

ሁለት ቀሚሶች

ውድ ወገኖቻችን! ቁርኣንን ለሚያነብ ሰው የቁስ ማስረጃን መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ሁለት ቀሚሶች ለምስክርነት ቀርበዋል። የመጀመሪያው ወንድሞቹ የሐሰት ደም ቀብተው ለአባታቸው ያመጡት ቀሚስ ነው (12፡18)። ማስረጃ አለ፤ ደምም አለ፤ በአንድ ቃል የተስማሙ ምስክሮችም አሉ። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ግን ነገሩን አልተቀበሉትም። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ቀሚሱን ሲያዩት ደም አለበት እንጂ አልተቀደደም። ልጁን የበላ ተኩላ ልብሱን እንዴት ሳይቀድድ ቀረ? አስመሳዮቹ ደሙን ሲያስቡ ጨርቁን ረሱት።

ሁለተኛው ቀሚስ የዐዚዝ ሚስት በዩሱፍ (ዐ.ሰ) ላይ ክስ ባቀረበች ጊዜ የታየው ነው (12፡25-28)። ከእርሷ ቤተሰብ የሆነ ሰው አንድ መመዘኛ አቀረበ። ቀሚሱ ከፊት ተቀዶ ከሆነ እርሷ እውነተኛ ናት፤ ከኋላ ተቀዶ ከሆነ ግን እርሱ እውነተኛ ነው አለ። ቀሚሱ ታየ፤ ከኋላ ተቀዷል። ንጹሑ ሰው በጨርቅ ምስክርነት ነጻ ወጣ።

ልብ በሉ! በአንድ ሱራ ውስጥ አንዱ ቀሚስ ሲዋሽ ሌላኛው እውነት ተናገረ። ቀሚስ በራሱ አይዋሽም፤ እውነትም አይናገርም። የሚለያየው የሚያቀርበው ሰው ሐቀኝነትና የሚመለከተው ሰው ጥንቃቄ ነው። የዘመናችን ፎቶና ቪዲዮም እንዲሁ ናቸው። ታላቁ ዓሊም ኢብኑል ቀይም «አጥ-ጡሩቅ አል-ሑክሚያህ» በተሰኘው ኪታባቸው ዳኛ የሁኔታ ምልክቶችን ማለትም ቀሪናዎችን እንዴት መመልከት እንዳለበት ሲያስረዱ ይህን የዩሱፍን ቀሚስ ያነሱታል።

ሐሰተኛ ምስል የትናንት ፈጠራ አይደለም

ብዙ ሰዎች ምስል መቀጣጠል ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ገና በ1840 ኢፖሊት ባያር የተባለ ፈረንሳዊ ራሱን ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እንደሞተ አስመስሎ ፎቶ አንስቶ ነበር። የፈጠረው የፎቶ ዘዴ ተገቢውን ክብር አላገኘም ብሎ በመከፋቱ ነበር ይህን ያደረገው። (ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሶቪየት ኅብረትም ከስታሊን ጋር በቦይ ዳር የተነሣው የፖሊስ ሹም ኒኮላይ የዦቭ በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶው ላይ ተፍቆ ቦታው በውሃ ተሞላ። ሰውየው ከነበረበት ቦታ እንዳልነበረ ሆነ።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ በ2006 ክረምት እስራኤል ሊባኖስን በምትደበድብበት ወቅት የሮይተርስ ዜና ወኪል ከቤይሩት የተላከ አንድ ፎቶ አሰራጨ። ከሕንጻዎች በላይ ጥቁር ጭስ ይታይበታል። ተመልካቾች ግን ጭሱን ሲያጤኑት አንዱ እብጠት በሌላው ላይ እየተደጋገመ አገኙት። ፎቶ አንሺው በኮምፒውተር ጭሱን ገልብጦ አብዝቶታል። ሮይተርስ ፎቶውን ሰርዞ የዚያን ሰው 920 ፎቶዎች ከክምችቱ አወጣ።

ይህን ለምን እናነሳለን? ቤይሩት በእውነት ተደብድባለች። ጭሱም በእውነት ነበር። ሰዎችም በእውነት ሞተዋል። ነገር ግን በእውነቱ ላይ ትንሽ ሐሰት መጨመሩ ለተበዳዮቹ ምን ጠቀማቸው? መከራቸውን ማመን ላልፈለጉ ሰዎች «ይኸው፣ ሁሉም ውሸት ነው» የሚሉበት ሰበብ ሰጠ። በ2008 ሐምሌ ወርም ከኢራን የወጣ የሚሳኤል ማስወንጨፊያ ፎቶ አራት ሚሳኤሎች ሲተኮሱ ያሳይ ነበር። በኋላ ሲመረመር ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። ሐቅ በሐሰት አይታገዝም። የሙስሊሞችን በደል ለማሳየት ብለን የሌላ አገር ፎቶ፣ ያለፈ ዓመት ቪዲዮ ወይም በኮምፒውተር የተፈበረከ ምስል ስንለጥፍ የምንጎዳው ያንኑ ልንረዳው ያሰብነውን ወንድማችንን ነው።

መርማሪው ምን ይመለከታል?

እንግዲህ ባለሙያው አንድ ፎቶ ሲቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄው «ሥዕሉ ምን ያሳያል?» የሚል አይደለም። «ከየት መጣ? ዋናው የት አለ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ንግግር ሲደርሳቸው ከመልእክቱ በፊት ሰነዱን፣ ማን ከማን እንደሰማው፣ እንደሚያጣሩት ማለት ነው። ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ጥርጣሬ ይገባል።

በዲጂታል ካሜራ የተነሳ ፎቶ ከሥዕሉ ጋር የተደበቀ መዝገብ ይይዛል። የካሜራው ዓይነት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ቦታው በውስጡ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ይህ መዝገብ ሊለወጥ ይችላል። የካሜራው ሰዓት በትክክል ካልተሞላም ይሳሳታል። ከዚህም በላይ ፎቶ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል፤ መዝገቡም ይጠፋል። ለዚህ ነው ባለሙያ ከስልክ ወደ ስልክ ሃምሳ ጊዜ የተላለፈን ፎቶ ሳይሆን መጀመሪያ ያነሳውን ስልክ የሚጠይቀው።

ሁለተኛው መመርመሪያ የካሜራው አሻራ ነው። በካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሚሊዮን ነጥቦች በፋብሪካ ሲሠሩ ፍጹም እኩል አይሆኑም። አንዷ ትንሽ ትበራለች፤ ሌላዋ ትንሽ ትደበዝዛለች። ይህ በዓይን የማይታይ ልዩነት በዚያ ካሜራ በተነሳ ፎቶ ሁሉ ላይ ይታተማል። በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ሥራ በዚህ አሻራ ፎቶውን ካነሳው ካሜራ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። በፎቶው አንድ ጥግ ላይ አሻራው ከጠፋ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ከሌላ የመጣ ነገር ተለጥፎ ይሆናል ማለት ነው። ሱብሓነላህ! የሰው ጣት አሻራ ብቻ ሳይሆን የካሜራ ዓይንም አሻራ አለው።

ሦስተኛው ብርሃንና ጥላ ነው። ፀሐይ አንድ ስለሆነች በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉ ጥላዎች ሁሉ ወደ እርሷ መመለስ አለባቸው። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲን በመግደል የተከሰሰው ሊ ሃርቬይ ኦስዋልድ ጠመንጃ ይዞ በግቢ ውስጥ የተነሳው ፎቶ ነበር። ብዙዎች የፊቱ ጥላና የመሬቱ ጥላ አይገጥምም፣ ስለዚህ ፎቶው የተቀጠለ ነው እያሉ ለዐሥርት ዓመታት ተከራከሩ። በ2009 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሃኒ ፋሪድ ሰውየውንና ግቢውን በኮምፒውተር እንደ ሐውልት ቀርጸው በአንድ ፀሐይ አበሩት። ሁለቱም ጥላዎች ልክ እንደ ፎቶው ሆነው ወጡ። የሰው ዓይን ጥላን በመመዘን ደካማ መሆኑን በዚህ እንረዳለን። ችኩል ሰው ሐሰተኛውን «እውነት ነው» ይላል። እውነተኛውንም «ሐሰት ነው» ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለሙያ አማናውን ይጠብቃል። ዋናውን ፋይል አይነካም፤ ቅጂ ወስዶ በቅጂው ላይ ይሠራል። በመጀመሪያው ቀን በሂሳብ ስሌት የፋይሉን ልዩ ቁጥር አውጥቶ ይመዘግባል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ ቁጥሩ ስለሚለወጥ በፍርድ ቀን «ያው ነው» ብሎ ማረጋገጥ ይችላል። የሠራውንም እያንዳንዱን እርምጃ ይጽፋል፤ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ደግሞ ያንኑ ውጤት ማግኘት አለበትና።

ማጥራት ድንበር አለው

አሁን ደግሞ የደበዘዘን ምስል ጥርት ስለማድረግ እንነጋገር። በፊልም ላይ መርማሪው አንድ ቁልፍ ሲጫን የደበዘዘው ፊት ወለል ብሎ ሲታይ ተመልክታችሁ ይሆናል። እውነቱ ከዚህ ይለያል።

ማጥራት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በሌሊት የተቀዳ ቪዲዮ ላይ እንደ አሸዋ የሚብለጨለጭ ግርግር ይታያል። ግርግሩ በየቅጽበቱ ቦታ ይቀያይራል፤ ግድግዳውና መኪናው ግን ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ 16 ተከታታይ ምስሎች ተደርበው ሲማከሉ ግርግሩ ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ እውነተኛው ነገር ግን ጎልቶ ይወጣል። በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ መናፈሻ ላይ ቦምብ በፈነዳ ጊዜ የተገኘው ቪዲዮ የጨለመና የተንቀጠቀጠ ነበር። የአሜሪካ የሕዋ ምርምር ድርጅት ናሳ ሁለት ሳይንቲስቶች ፀሐይንና አየርን ለማጥናት በሚጠቀሙበት ዕውቀት ምስሎቹን አስተካክለውና ደራርበው አጠሩት። ይህ በእርግጥ የነበረውን ማውጣት ነው።

ያልነበረውን ግን ማውጣት አይቻልም። የአንድ ሰው ፊት በቪዲዮው ላይ ዐሥር ነጥብ ብቻ ከያዘ የዓይኑን ቅርጽ የሚነግረን ምንም ነገር የለም። ዛሬ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶ እናጠራለን» የሚሉ ፕሮግራሞች በየስልኩ አሉ። እነዚህ የሚሠሩት በማየት ሳይሆን በመገመት ነው። ከዚህ በፊት ካዩዋቸው ሚሊዮን ፊቶች ተነስተው የጎደለውን ይሞላሉ። በ2020 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የደበዘዘ የባራክ ኦባማን ፎቶ ተሰጥቶት የነጭ ሰው ፊት አድርጎ አወጣው። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው! በ2024 መጋቢት ወር በአሜሪካ ዋሺንግተን ግዛት አንድ ዳኛ በነፍስ ግድያ ክስ ላይ በዚህ ዘዴ «የተጠራ» ቪዲዮ በማስረጃነት እንዳይቀርብ ከልክለዋል።

ዋናው ምስል እንኳ የሚያታልልበት ሁኔታ አለ። በሌሊት በማይታይ ጨረር የሚያነሱ የጥበቃ ካሜራዎች አንዳንድ ጥቁር ልብሶችን አመድማ ወይም ነጭ አስመስለው ያሳያሉ። «ሌባው ነጭ ለብሷል» ተብሎ ነጭ የለበሰ ጎረቤት ቢያዝ ጥፋቱ የማን ነው? ቪዲዮን በዝግታ ማሳየትም የራሱ ፈተና አለው። በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንድን ድርጊት ቀስ አድርገው ያዩ ሰዎች በፍጥነቱ ካዩት ይልቅ «ሆን ብሎ ነው ያደረገው» ወደ ማለት ያዘነብላሉ። ድርጊቱ ያው ነው። ለማሰብ ጊዜ የነበረው የሚመስለው ግን ምስሉ ስለተጎተተ ነው። ኒያን የሚያውቀው አላህ ብቻ መሆኑን እኛ ሙስሊሞች በዚህ ላይ ልናስታውስ ይገባል።

የመርማሪው ልብ

ውድ አድማጮች! መሣሪያው ቢራቀቅም የሚፈርደው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ልብ አለው። መጋቢት 11 ቀን 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ በተፈጸመው ጥቃት ከ190 በላይ ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ። የስፔን ፖሊስ በአንድ ከረጢት ላይ ያገኘውን የጣት አሻራ ፎቶ ወደ ሌሎች አገሮች ላከ። በአሜሪካ ኮምፒውተሩ 20 ተመሳሳይ አሻራዎችን ዘረዘረ። ከእነዚህ አንዱ በኦሬጎን ግዛት የሚኖር እስልምናን የተቀበለ ጠበቃ ነበር። ሦስት የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባለሙያዎች «የእርሱ ነው» አሉ። ፍርድ ቤት የመደበለት አራተኛ ባለሙያም ተስማማ። ስፔኖች ቀደም ብለው «አይመስለንም» ብለው ነበር። ሰውየው ግን ከሚስቱና ከልጆቹ ተነጥሎ ሁለት ሳምንት ታሰረ። በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አረጋገጠ። ጠበቃው ተለቀቀ፤ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2006 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተከፈለው። የአገሪቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ባወጣው ሪፖርት ሃይማኖቱ የስሕተቱ ዋና ምክንያት ባይሆንም ባለሙያዎቹ ውሳኔያቸውን ደግመው እንዳያዩ አስተዋጽዖ ሳያደርግ እንዳልቀረ ገልጿል።

በ2020 ደግሞ በዲትሮይት ከተማ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በሚስቱና በሁለት ሴት ልጆቹ ፊት በካቴና ታስሮ ተወሰደ። ኮምፒውተር ከአንድ ሱቅ የጥበቃ ካሜራ የተገኘውን ደብዛዛ ፎቶ ከእርሱ መንጃ ፈቃድ ፎቶ ጋር «አንድ ነው» ብሎ ነበር። 30 ሰዓት ያህል ታስሮ ነው ስሕተቱ የታወቀው። በ2024 ከተማዋ ካሣ ከፈለች፤ ፖሊስም ከእንግዲህ በኮምፒውተር የፊት ማመሳሰል ውጤት ብቻ ሰው እንዳይይዝ ስምምነት ተደረገ።

እነዚህ ሰዎች ሲበደሉ ያየ ሰው ይቆጣል፤ መቆጣትም ይገባል። ግን ሰፈራችንን እንመልከት። ያቺን ልጅ በአንድ ፎቶ የፈረድንባት እኛስ ከእነዚያ በምን ተሻልን? እነርሱ እንኳ አራት ባለሙያ ጠይቀዋል። እኛ አንድም አልጠየቅንም።

የተበዳይ ሐቅ ሲወጣ

ይሁን እንጂ «ምስል ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ መደምደም ሌላኛው ጥፋት ነው። ግንቦት 15 ቀን 2014 በዌስት ባንክ ቤይቱንያ በተባለች ከተማ ሁለት ፍልስጤማውያን ታዳጊዎች በእስራኤል ኃይሎች ጥይት ተገደሉ። በአካባቢው የነበረ የአንድ ነጋዴ የጥበቃ ካሜራ ሲወድቁ ቀርጿል። ባለሥልጣናቱ በቦታው የተተኮሰው የጎማ ጥይት ብቻ ነው፣ ቪዲዮውም ተቆራርጧል እያሉ ተከራከሩ። የአንደኛው ልጅ አባት ግን በልጃቸው የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ የብረት ጥይት አገኙ። ለንደን የሚገኘው ፎረንሲክ አርኪቴክቸር የተሰኘ የተመራማሪዎች ቡድን የነጋዴውን ካሜራ ምስልና የሲኤንኤን ጋዜጠኞች የቀረጹትን ቪዲዮ ቅጽበት በቅጽበት አስተካክሎ አገጣጠማቸው። የተኩሱንም ድምፅ መርምሮ ከጎማ ጥይት ድምፅ እንደሚለይ አሳየ። በመጨረሻ አንድ የድንበር ፖሊስ ተከሶ በቸልተኝነት ሞት ማድረሱን አመነ። ቅጣቱ መጀመሪያ 9 ወር፣ በይግባኝም 18 ወር እስራት ሆነ። ለአንድ ነፍስ ይህ ምን ያህል ትንሽ መሆኑን አላህ ያውቃል። ነገር ግን ያ ምስል ባይጠበቅና ባይመረመር ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር።

ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያልተደረገን እንደተደረገ አስመስሎ መሥራት ሲችል በዳዮችም አዲስ መሸሸጊያ አግኝተዋል። እውነተኛ ቪዲዮ ሲቀርብባቸው «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ይላሉ። እኛ ሐሰተኛ ምስል ባሰራጨን ቁጥር ለእነዚህ ሰዎች በር እንከፍታለን።

በሸሪዓ ሚዛንና በቤታችን

ኢስላም በዚህ ላይ ግልጽ መንገድ አስቀምጦልናል። በሱረቱል ሑጁራት (49፡6) ወሬ ሲመጣልን ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት እንድናጣራ ታዘናል። እዚያው ሱራ ውስጥ (49፡12) ከጥርጣሬና የሰውን ነውር ከመሰለል ተከልክለናል። በሱረቱ አን-ኑር (24፡4) ደግሞ ጨዋ ሴቶችን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ሰማንያ ግርፋት ተደንግጎበታል፤ ምስክርነቱም ተቀባይነት ያጣል። ብዙ የዘመናችን ዑለማእ ፎቶና ቪዲዮ ሊቀጠሉ ስለሚችሉ ለዳኛ እንደ አጋዥ ምልክት እንጂ በሑዱድ ጉዳይ ብቻቸውን እንደ ምስክር አይቆጠሩም ይላሉ፤ ሑዱድ በሹብሃ ይወገዳሉና።

በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የሐሰት ወሬ በተነዛ ጊዜ መዲና ለአንድ ወር ያህል ታመሰች። አቡ አዩብ (ረ.ዐ) ግን ከባለቤታቸው ጋር በቤታቸው ተነጋገሩ። «አንቺ ታደርጊው ነበርን?» ሲሏቸው «ወላሂ አላደርገውም» አሉ። ዓኢሻ ከአንቺ ትበልጣለች ብለው ወሬውን በዚያው ዘጉት። ይህ ንግግር የተካሄደው በባልና በሚስት መካከል፣ በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ወሬ የሚቆመው ከቤት ሲጀመር ነው።

በአገራችን ሕግም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር መረጃን በሐሰት መሥራትን በወንጀል ይቀጣል፤ ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነትም ደንግጓል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ።

ስለዚህ በቤታችን እነዚህን አራት ነገሮች እንያዝ፦

1ኛ. የሰውን ክብር የሚነካ ፎቶ ሲደርሰን ለማንም አናሳይ፤ ለባለቤታችን እንኳ ቢሆን።

2ኛ. ላኪውን «ዋናው የት አለ? ማን አነሳው? መቼ?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለው ወሬው እዚያው ይቁም።

3ኛ. እውነተኛ በደል ከቀረጽን ዋናውን ፋይል ባለበት እናስቀምጠው፤ አንቁረጠው፣ አናስጊጠው፣ ጽሑፍም አንለጥፍበት። ለሕግ አካል ወይም ለባለሙያ የምናቀርበው ያንኑ ዋናውን ነው።

4ኛ. ሐሰት አሰራጭተን ከሆነ ተውባችን ከስልክ ላይ በማጥፋት ብቻ አይሞላም። ለላክንላቸው ሁሉ «ተሳስቻለሁ» ብለን መልሰን እንላክ። የተበደለውንም ሰው አውፍ እንዲለን እንለምን።

አሁን ወደዚያች እናት እንመለስ። ጎረቤት የሆነ አንድ ወጣት ፎቶውን አይቶ «ጥላው አይገጥምም፣ ሐሰት ነው» ብሎ ነበር። ቅንነቱን ብናመሰግንም ያ በቂ ማስረጃ አልነበረም። እኛ እናትየውን የጠየቅናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ፎቶ መጀመሪያ የተነሳው በማን ስልክ ነው? ልጅቷ የለበሰችውን ልብስ አይታ ቀኑን አስታወሰች። የዒድ ቀን ነበር። ያነሳቻት ጓደኛዋ ተፈለገች፤ ፎቶው አሁንም ከስልኳ ሚሞሪ ላይ ነበር። በዋናው ፎቶ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። አንደኛዋ ወጥታ በቦታዋ ወንድ ገብቷል። የሙሽራው አባት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ተነስተው ወደ ልጅቷ ቤት ሄዱና በራሳቸው አንደበት አውፍ አስባሉ።

ኒካሑ ከሁለት ወር በኋላ ተፈጸመ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን እናትየው በኋላ እንደነገሩን ሐሰተኛው ፎቶ የደረሳቸው ብዙዎች ማስተባበያው አልደረሳቸውም። ልጅቷ ዛሬም ገበያ ስትወጣ ሰው ሲያያት ዓይኗን ትሰብራለች። ከእኛ መካከል ፎቶውን ያሳየው ወንድማችንም ያሳየውን ሰው ፈልጎ እውነቱን ነግሮታል። ያ ሰው ግን ለስንት ሌሎች እንዳወራው ማስታወስ አልቻለም። ይህ የቂያማ ቀን ጥያቄ ነው።

አላህ ሆይ! እውነትን እውነት አድርገህ አሳየን፤ መከተሉንም ስጠን። ሐሰትንም ሐሰት አድርገህ አሳየን፤ መራቁንም ስጠን። ምላሳችንንና ጣቶቻችንን ከወገኖቻችን ክብር ጠብቅልን። አሚን።